ዘንዶው በምን ይተነፍሳል?

ሐሙስ ከመሸ ነው፣ ዝናብ ሲያካፋ፣
የትራሙ ደወል እየራቀ ሲጠፋ፣
በቢቶም ከተማ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ሁለተኛ ፎቅ
ወንበር አሰልፋለሁ፣ ዘጠኝ ሰው ልጠብቅ።
ቁልፉም እኔ ጋ ነው፣ ብስኩቱም ከእኔ፤
ክርክሩ የነሱ፣ ዝምታው የእኔ።

የዚህ ወር መጽሐፍ ስድስት መቶ ገጽ፣
ሽፋኑ ላይ ተራራ፣ የዘንዶ ጅራት ቅርጽ፤
ገና ሲከፍቱት ካርታ፣ ከካርታው ቀጥሎ የነገሥታት ስም፣
ተነባቢ በተነባቢ ላይ፣ አናባቢ የለም፤
እኛን እንኳን፣ ስማችን ለባዕድ ዳገት የሆነውን፣
አንደበታችንን አሰረው፣ አስረሳን የራሳችንን።

አሎይዚ ጀመረ። ሠላሳ አንድ ዓመት
ከመሬት በታች ነው የኖረው በጉልበት፣
ከሰል ሲፈለፍል። እሱ ጡረታ ወጥቷል፤
ሳሉ ግን እስከ ዛሬ ፈረቃ ይገባል።

«ውሸት አልጠላም» አለ፤ «እኔም ሰው ነኝና፤
የምጠላው ሰነፍ ውሸት ነው። በሉ እንግዲህ ስሙና
ንገሩኝ፦ ከተራራ ሥር፣ ስምንት መቶ ሜትር ጥልቀት፣
ይህ ዘንዶ ተኝቷል አንድ ሺህ ዓመት፤
እሳት ይተፋል። ይሁን፤ ይትፋ።
አየሩስ በየት ገባ? ጢሱስ በየት ጠፋ?
አንድ ቀዳዳ ብቻ! ጋዙ ተጠራቅሞ
በመጀመሪያው ግሳት ይፈነዳ ነበር ቀድሞ፤
ዘንዶውም፣ ወርቁም፣ ልዑሉም ከነሰይፉ
አመድ ሆነው ነበር፣ ገጽ አርባን ሳያልፉ!»

ቲሞን ሳቀ። ትራም ነጂ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ፤
ክንዱ ላይ ዘንዶ ተነቅሷል፣ እጅጌው ውስጥ ነው ግማሽ ፊቱ።
«አባባ አሎይዚ፣ ቀኑን ሙሉ በሐዲድ እሄዳለሁ፣
ቁጥር ስድስት፣ ከጫፍ ጫፍ፤ ልታጠፍ ብል የት እታጠፋለሁ?
ማታ ግን ሐዲድ የሌለበት አገር ያምረኛል።
የዘንዶውን አየር ተወው፤ እኔን ያስተነፍሰኛል።»

ሉድቪና፣ የሌሊት ነርሷ፣ ዓይኗ ከሹራቧ ሳይቀና፣
«ስድስት ጦርነት ቆጠርኩ» አለች፣ በዚያ በቀዝቃዛ ቃና፤
«ሰው በሺህ ይወድቃል፤ ቁስል የሚያጥብ ግን አንድም የለ።
ፋሻ የማይሸጥበት አገር፣ እንዴት ጀግና በቀለ?»

ክርክሩ ሳናውቀው ወዳለፈው ወር መጽሐፍ ዞረ፣
ወደዚያ መርከብ፣ ሦስት መቶ ዓመት በጠፈር ወደበረረ፤
የተሳፈሩት ሞተው፣ የወለዷቸው አርጅተው፣
መሬት የሚረግጡት የልጅ ልጆቻቸው፣ አፈር ሲባል ሰምተው።

«ደረቅ ነው፤ ሰው የለበትም፤ ሁሉም ቀመር።»
«ደረቅ? እኔ ሦስት ሌሊት አልተኛሁም ነበር!»
«ሳይንሱ ስህተት ነው።» «ለፈተና ነው እንዴ ያነበብህ?»
«የልጅ ነገር ነው።» «እኮ! ልጅ ነበርህ፤ ማን ነጠቀህ?»

ያኔ ሌኦካዲያ መነጽሯን አወለቀች።
«አልጨረስኩትም፤ ሊያርፉ ሲሉ ዘጋሁት» አለች።
«እኔ የተወለድኩት በከብት ፉርጎ ነው፣ ጦርነቱ ባለቀ ዓመት፣
ከልቮቭ ወደዚህ ሲያመጡን፣ ከላም ከምድጃ ጋራ በአንድ ቤት።
እናቴ እስክትሞት ድረስ የፖም ዛፏን አወራችልኝ፣
በጓሯችን እንደቆመ፤ ለእኔ ግን ፕላኔት ሆነብኝ፣
ስሙን የማውቀው፣ ብርሃኑ የማይደርሰኝ።
ይኸው ሰማንያ ሞላኝ፤ መድረሴን ማን ይንገረኝ?
እንዲህ ያለ መጽሐፍ አልወድም ብያለሁ፤ አሁንም አልወድም» አለች፣
መነጽሯን መልሳ አጠለቀች።

ብስኩት ሲቆረጠም ተሰማ።
አሎይዚ ሳለ፤ ረጅም፣ ከጥልቁ የመጣ።
«ጉድጓዱ ውስጥ» አለ፣ «እኛም አንድ ሽማግሌ ነበረን፣
ፋኖስ ይዞ የሚዞር፣ ጣሪያው ሊደረመስ ሲል የሚነግረን።
በዓይኑ ያየው የለም። ዳቦ ግን እንተውለት ነበር፣ ከምሳችን።»
«እሱስ» አለ ቲሞን፣ «አየር በየት አገኘ?»
«እሱ ሌላ ነው» አለ ሽማግሌው፣ ተኮሳትሮ።
«እሱ እውነት ነው።»

ለሚቀጥለው ወር ድምፅ ተሰጠ፤ አራት ለአራት ሆነ፤
ዘጠነኛው እጅ ግማሽ ተነሥቶ፣ መሃል ላይ ባከነ።

ሰኞ መጽሐፉ ተመለሰ። አቧራውን ልጠርግ
ስገልጠው፣ ካርታው ላይ፣ በዚያ ተራራ ጥግ
በእርሳስ፣ ሥራውን በለመደ እጅ መሥመር፣
ከጫፉ እስከ ዘንዶው ዋሻ የሚወርድ የአየር በር፣
መሰላል፣ ማራገቢያ፣ ልኬቱ በሜትር፤
ከጎኑም በደቃቅ ጽሑፍ፦ «አሁን ይተንፍስ።»

ደንቡ ግልጽ ነው፦ መጽሐፍ የጫረ መቀጫ ይክፈል፣ ይወቀስ።
ላጲስ አወጣሁ ከመሳቢያ፣ ካርታው ላይ አሳረፍኩ፣
ጥቂት ቆየሁና
መልሼ አኖርኩ።